ከንቲባውን ሰይጣን አድርጌ ልስራው ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ? አቃቂ ነው የምኖረው፣ የሰፈራችን ወጣቶች የቲያትር ክበብ ውስጥ ነኝ። አሁን የኢብሰንን «የህዝብ ጠላት» እየተለማመድን ነው፣ ለኔ የደረሰኝ የከንቲባው ካራክተር ነው፣ አዘጋጃችን ደግሞ ሰይጣን አድርገህ ስራው፣ ተመልካቹ ገና ስትገባ ሊጠላህ ይገባል ይለኛል። እኔ ግን ስክሪፕቱን ባነበብኩት ቁጥር ሰውየው ያን ያህል ተሳስቷል ወይ እላለሁ። አባቴ ቆዳ ፋብሪካ ነው የሚሰራው፣ አራታችንንም ያሳደገን በዛ ደሞዝ ነው፣ ነገ አንድ ዶክተር ተነስቶ ውሃው ተበክሏል ቢል የሚዘጋው የኛ እንጀራ ነው። ደሞ አራተኛው ገቢር ላይ ዶክተሩ ህዝቡን ስለሚሰድብ ሰው ይቀየመናል፣ ቆርጠን እናውጣው ተብሏል። ምን ይመክሩኛል?
ከንቲባው ነኝ፣ ከአቃቂ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። እኔም ከናንተ ብዙም አልርቅም፣ የአቃቂን ወንዝ በድልድዩ ስሻገር ከሽታው የተነሳ መስኮት ከሚዘጉት ሰዎች አንዱ ነኝ፣ ስለዚህ ነገሩ ለኔም የወረቀት ጨዋታ አይደለም።

ተውኔቱን ላላያችሁ ባጭሩ። ኖርዌያዊው ሄንሪክ ኢብሰን በፈረንጆቹ 1882 ነው የፃፈው። ባህር ዳርቻ ላይ ያለች አንዲት ከተማ አለች፣ ህመምተኛ ከየቦታው እየመጣ የሚታጠብባት፣ ከተማው በሙሉ ከዚህ መታጠቢያ ብዙ ገቢ እጠብቃለሁ ብሏል። የመታጠቢያው ሃኪም ዶክተር ስቶክማን ውሃውን ዩኒቨርሲቲ ልኮ ያስመረምራል፣ ውጤቱ ሲመጣ ከላይ ካሉት ቆዳ ፋብሪካዎች የሚወርደው ቆሻሻ ውሃውን መርዞታል። ታላቅ ወንድሙ ፒተር ደግሞ ከንቲባም ነው የመታጠቢያው ቦርድ ሰብሳቢም ነው። ማስተካከያው ብዙ መቶ ሺህ ክሮነር ይፈጃል፣ ሁለት አመትም መዘጋት አለበት። ከንቲባው ነገሩ እንዳይወጣ ይታገላል፣ የቀረውን ታውቀዋለህ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ዶክተሩ እኮ ፋብሪካው ይዘጋ አላለም! ስክሪፕቱን እንደገና እየው፣ ያለው ቆሻሻው የሚወርድበት ቦይ ይሰራ፣ የውሃው ቧንቧ ደግሞ ተነቅሎ እንደገና ይቀበር ነው። «እንጀራችን ሊዘጋ ነው» የሚለውን ፍርሃት ከተማው ውስጥ የሚያስገባው ሌላ ሰው ነው፣ እሱም ያንተ ካራክተር ነው፣ ይሄን የሚያደርገው ደግሞ ለድሃው አዝኖ ብቻ እንዳይመስልህ፣ ቧንቧው መጀመሪያ ሲዘረጋ ዶክተሩ ቦታው ልክ አይደለም ከፍ ይበል ብሎ ነበር፣ አልሰሙትም፣ ስለዚህ የላብራቶሪው ወረቀት እውነት ከሆነ ጥፋተኛ ሆነው የሚገኙት ከንቲባውና ጓደኞቹ ናቸው። የራሱን ስህተት በከተማው እንጀራ ይሸፍነዋል። ሰይጣን አይደለም፣ ሂሳብ የሚያውቅ፣ ሰላምተኛ፣ ቤቱ ገብተህ ቡና የምትጠጣለት ሰው ነው፣ እንደዛ አድርገህ ስራው፣ አይንህን አታፍጥ ድምፅህንም አታወፍር። ሰይጣን ካደረግከው ተመልካቹ «እኔ እንደሱ አይደለሁም» ብሎ ተረጋግቶ ቤቱ ይገባል።

እኔ ግን ከከንቲባው በላይ የሚያሳምመኝ አስላክሰን ነው። ማተሚያ ቤት ያለው፣ የቤት ባለንብረቶች ማህበር ሰብሳቢ፣ በየአረፍተ ነገሩ በልኩ በልኩ የሚለው። መጀመሪያ ላይ ዶክተሩ ቤት ድረስ መጥቶ ብዙሃኑ ካንተ ጋር ነው ይለዋል፣ የጋዜጣው ኤዲተር ሆቭስታድም የዶክተሩን ፅሁፍ እናወጣዋለን ይላል። ከዛ ሶስተኛው ገቢር ላይ ከንቲባው ጋዜጣው ቢሮ ይመጣና ወጪውን የሚሸፍነው ባለአክሲዮኑ ሳይሆን ከተማው ተበድሮ ነው ሲል፣ በቃ፣ ሰውየው እዛው ቆሞ ይገለበጣል። ውሃው አልተቀየረም፣ የምርመራው ወረቀት አልተቀየረም፣ የተቀየረው ከማን ኪስ ይወጣል የሚለው ብቻ ነው። ይሄን የሚጫወተው ልጅ ጎበዝ መሆን አለበት፣ አዘጋጃችሁን ንገሩት፣ እዚህ ጋ ዝምታ ይኑር፣ ሰውየው በልቡ ሲያሰላ ይታይ።

አራተኛውን ገቢር በፍፁም እንዳትቆርጡት! ዶክተሩ ህዝቡን የሚሰድበው ስለ ውሃው እንዳይናገር ከተከለከለ በኋላ እኮ ነው። ስብሰባውን የጠራው ራሱ ነው፣ ሌላው አዳራሽ ሁሉ ሲዘጋበት የመርከብ ካፒቴኑ ሆርስተር ቤቱን ሰጥቶት፣ ከዛ ከንቲባውና ተሰብሳቢዎቹ አስላክሰንን ሊቀመንበር ያደርጉና ስለ መታጠቢያው መናገር አይቻልም ብለው ይወስናሉ፣ እሱም በንዴት ብዙሃኑ መቼም ልክ አይደለም ወደሚለው ይሄዳል፣ ሰውን ከውሻ ዘር ጋር እስከማነፃፀር ይደርሳል። እዚህ ላይ ዶክተሩን አልከላከልለትም። ስለታመሙት ሰዎች የጀመረ ሰው ስለራሱ ብቸኝነት ሲጨርስ ያሳዝነኛል። ኢብሰን ራሱ ከዛ በፊት በነበረው አመት ባወጣው ተውኔት ብዙ ተወግዞ ነበርና ምሬቱ እዚህ ገብቷል ብዬ ነው የማስበው። ግን ንግግሩን ቆርጣችሁ ክልከላውን ብቻ ብታሳዩ፣ ወይ ክልከላውን ቆርጣችሁ ስድቡን ብቻ ብታሳዩ፣ ሁለቱም ውሸት ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ብዙ ሰው የማያየው ነው። በዛ ውሃ የሚታጠቡት ህመምተኞች አንድም ጊዜ መድረክ ላይ አይወጡም። አምስት ገቢር ሙሉ ስለነሱ ይጮሃል፣ ይነገዳል፣ የፋብሪካው ባለቤት ሞርተን ኪል ላሳደጋት ልጁ ለዶክተሩ ሚስት ለካትሪን ሊተው ባሰበው ገንዘብ የመታጠቢያውን አክሲዮን ገዝቶ ዶክተሩን አፉን ሊያስይዘው ይሞክራል፣ እነሱ ግን አንድ መስመር ቃል የላቸውም። የፋብሪካው ሰራተኛም የለም፣ እንዳባትህ ያለው። እኛ ጋ ደግሞ አስበው፣ የአቃቂ ወንዝ አባ ሳሙኤል ግድብ ገብቶ ከዛ አዋሽን ይዞ አፋር ድረስ ነው የሚወርደው፣ መንገድ ላይ ቆስጣና ሰላጣ ያጠጣል፣ ቆስጣውን ተሸክማ ገበያ የምታመጣዋ ሴትዮ ማን ስብሰባ ጠርቷት ያውቃል? አባትህም ቢሆን ፋብሪካው ማጣሪያ ቢያስገባ ማን ይከፍላል ተብሎ ሲወሰን የተጠየቀ አይመስለኝም። ስለዚህ አባትህን ከውሃው ጋር አታጣላው፣ ሁለቱንም የሚጎዳቸው ሂሳቡ ያለነሱ መሰራቱ ነው።

ሆርስተርን ባጭሩ ላንሳው፣ ትንሽ ፓርት ነው ብላችሁ ለጀማሪ እንዳትሰጡት። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አላውቅም የሚል መርከበኛ ነው፣ ግን ቤቱን ይሰጣል፣ ህዝቡ ሲጮህ ዶክተሩንና ቤተሰቡን አጅቦ ያስወጣል፣ በዚሁም ስራውን ያጣል። አንዲት ትልቅ ንግግር የለችውም። እኔ ብሆን ጠንካራውን ተዋናይ ለሱ ነበር የምሰጠው።

ለአዘጋጃችሁ ደግሞ ይቺን ሃሳብ አቅርብለት። ስብሰባው ላይ ድምፅ የሚሰጠው በወረቀት ነው፣ ዶክተሩ የህዝብ ጠላት ነው ለሚል ነጭ፣ አይደለም ለሚል ሰማያዊ፣ አንድ ሰካራም ብቻ ነው ለዶክተሩ የሚሰጠው። ተመልካቹን ራሱን ተሰብሳቢ አድርጉት፣ በር ላይ ለሁሉም ሁለቱንም ወረቀት አድሉ፣ ሳጥን ይዙር። አባትህን የክብር ወንበር ላይ አታስቀምጠው፣ ከህዝቡ መሃል ይሁን፣ የቱን እንደከተተ ደግሞ ማታ ቤት ስትገቡ ጠይቀው።