ዝናብ የለ፣ ሻጋታው ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ዙሪያ በጉድጓድ ውሃ የማለማው ማንጎ አለኝ። ጥር ላይ አበባው ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ነጣ፤ ቆይቶ ጠቆረና ረገፈ። አንድም ቀን ጠብ አላለም። ገሚሱ ሻጋታ ነው ይለኛል፤ ጎረቤቴ ደግሞ የመንገድ አቧራ ነው ባይ ነው። ያለ ዝናብ ሻጋታ አለ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። አለ እንጂ! የእርስዎም እሱ ይመስለኛል፤ አቧራ አበባ አጥቁሮ አያረግፍም። ለማረጋገጥ ግን አንድ ዘለላ ይያዙና ነጩን በጣትዎ ጠረግ ያድርጉት። አቧራ ከሆነ ከሥሩ ደህና አበባ ይወጣል። ሻጋታ ከሆነ ዘንጉ ቡናማ ሆኖ ያገኙታል፤ እምቡጡም ሳይፈካ ደርቆ እጅዎ ላይ ይቀራል። አቧራ በመንገዱ በኩል ይበዛል፤ ሻጋታው ግን ጥላ ያለበትን የዛፉን ውስጥ ይወዳል።

ግራ ያጋባዎት ነገር እውነት አለው። ሐረርና ሐረማያ በክረምት ድንች የሚፈጀው በሽታ ለሰዓታት የረጠበ ቅጠል ካላገኘ አይነሳም። የማንጎው ግን ሌላ ነው። ብናኙ በነፋስ ይጓዛል፤ ለመብቀል የውሃ ጠብታ አይሻም፤ እንዲያውም ኃይለኛ ዝናብ አጥቦ ያዳክመዋል። ከሁሉ የሚመቸው 23 ዲግሪ አካባቢ ነው። የድሬ በጋ ሌሊቱ ቀዝቀዝ፣ ቀኑ ሞቅ ያለና ነፋሻ ነው፤ ማንጎውም የሚያብበው በዚያው ወቅት ነው።

የረገፈውን መመለስ አይቻልም፤ አሁን መድኃኒት ገዝተው ገንዘብዎን አያባክኑ። ፍሬው ከተለቀመ በኋላ የደረቁትን የአበባ ዘለላዎች ቆርጠው ያቃጥሉ፤ የተጨናነቀውን ቅርንጫፍ ገርዘው ነፋስና ፀሐይ ያስገቡለት። ሻጋታው በጋ እስኪመለስ የሚደበቀው እምቡጥና አሮጌ ቅጠል ላይ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት በውሃ የሚበጠበጥ ሰልፈር ያዘጋጁ። አብዛኛው ሰው ነጩን ካየ በኋላ ነው የሚሯሯጠው፤ ያኔ ግማሹ አበባ አልቋል። የመጀመሪያው ርጭት ዘለላው ብቅ ሲል፣ አበባው ሳይፈነዳ ይሁን። መጠኑን ከመያዣው ላይ ያንብቡ፤ ፍሬ እስኪቋጥር በየ10 እስከ 14 ቀኑ ይደገማል። አበባው ሙሉ በሙሉ ሲፈካ ግን አይርጩ፤ ንቦቹን ይተዉልኝ፤ ያለ እነሱና ያለ ዝንቦች ማንጎ በደንብ አይቋጥርም። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ሰልፈር ቅጠል ያቃጥላልና በማለዳ ይርጩ።

ከርግፈቱ የተረፈው ፍሬ ልጣጩ ላይ ሻካራ ጠባሳ ሊያወጣ ይችላል። ለመብላት አያሰጋም፤ ቀፊራ ገበያ ሲያወርዱት ግን ዋጋ ይቀንሱብዎታል።