እቁብ ሲወጣልሽ ገቢ ነው ወይስ ዕዳ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የመረጥኳቸው ሦስቱም ጥያቄዎች አካውንቲንግን በኦንላይን ከሚማሩ አንባብያን የመጡ ናቸው። የመጀመሪያውን ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። ተመሳሳይ ጭንቀት ያለባቸው ብዙዎች እንደሆኑ ስለማውቅ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ነርስ ነኝ። በሳምንት ሦስት ሌሊት የ12 ሰዓት ሺፍት እሠራለሁ፤ ሁለት ልጆችም አሉኝ። በጤና አስተዳደር ማስተርሴን በኦንላይን ጀምሬአለሁ። የመጀመሪያው ኮርስ ፋይናንሻል አካውንቲንግ ነው፤ ሦስት ክሬዲት፣ በስምንት ሳምንት የሚያልቅ። አካውንቲንግ ተምሬ አላውቅም። ቪዲዮውን ሳይ ሁሉም ነገር ይገባኛል። የቤት ሥራው ላይ ስቀመጥ ግን ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል። ደቢትና ክሬዲት ጭራሽ ግራ አጋብተውኛል። ባለቤቴም «አንቺ ነርስ ነሽ፣ ሂሳብ ምን ያደርግልሻል?» ይለኛል። ልተወው ወይስ ልቀጥል?

መልስ፦ እህቴ፣ አትተዪው። የአጠናን ዘዴሽን ግን ዛሬውኑ መቀየር አለብሽ።

መጀመሪያ ስለ ሰዓቱ እንነጋገር። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ አንድ ክሬዲት ማለት ለ15 ሳምንት ያህል በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ትምህርትና ቢያንስ ሁለት ሰዓት የግል ጥናት ነው። ሦስት ክሬዲት በዚህ ሲሰላ 135 ሰዓት ይመጣል። ያንን በስምንት ሳምንት ስታካፍዪው በሳምንት 17 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ኦንላይን ስለሆነ ሥራው አይቀንስም፤ የሚቀረው መንገዱና ፓርኪንጉ ብቻ ነው። ይህን ቁጥር ለባለቤትሽ አሳዪው። ልጆቹን የሚይዝበትን ሰዓት ከወዲሁ ተነጋገሩ። ከሌሊት ሺፍት በወጣሽበት ጠዋት ለማጥናት አትሞክሪ፤ ተኚ። ዕረፍት በሆንሽባቸው ቀናት ግን ጠዋቱን ለአካውንቲንግ ስጪው።

አሁን ወደ ቪዲዮው ልምጣ። ፕሮፌሰሩ ሂሳቡን እየመዘገበ ሲያሳይሽ ከባዱን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። የቱ ሂሳብ እንደሚነካ፣ በየትኛው በኩል እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ነው። አንቺ የምታዪው ያለቀውን ነው። ያለቀ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ግልጽ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን አንብቦ እንደጨረሰ ቪዲዮውን አቁሚው። ወረቀት ላይ ራስሽ ጻፊው። ከዚያ ክፈቺውና አስተያዪ። ከ17ቱ ሰዓት ቢያንስ አሥሩ በዚህ መልኩ እስክሪብቶ ይዘሽ የምታሳልፊው ይሁን። እኔ አካውንቲንግ የጀመርኩት ሰንጋ ተራ፣ ኮሜርስ ነው። ያኔ ኮምፒውተር ከእኛ ሩቅ ነበር፤ ቲ አካውንት (በቲ ቅርጽ መስመር ግራና ቀኝ የተከፈለ የሂሳብ ሠንጠረዥ) ደብተራችንን ሞልቶት ነበር። ዛሬም ለማስጠናቸው ልጆች መጀመሪያ የማዘው ባለመስመር ደብተር ነው።

ደቢት ግራ ነው፤ ክሬዲት ቀኝ ነው። ከዚህ ሌላ ትርጉም አትፈልጊለት። ሀብትና ወጪ ሲጨምሩ በግራ ይጻፋሉ። ዕዳ፣ ካፒታል (የባለቤቱ ድርሻ) እና ገቢ ሲጨምሩ በቀኝ ይጻፋሉ። ብዙ ሰው የሚደናገረው በባንክ ምክንያት ነው። ደመወዝሽ ሲገባ ባንኩ «ክሬዲት ተደርጓል» ይልሻል፤ አስተማሪው ግን ጥሬ ገንዘብ ሲጨምር ደቢት ነው ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ባንኩ የሚነግርሽ ከራሱ መዝገብ ነው። ያንቺ ገንዘብ ለእሱ ዕዳ ነው፤ ስትጠይቂው ይመልሳላ። ዕዳው ሲጨምር በቀኝ ይጽፈዋል። አንቺ የራስሽን መዝገብ ስትይዢ ያው ገንዘብ ሀብትሽ ስለሆነ በግራ ይገባል። ስለዚህ ጥያቄ ሲሰጥሽ ከሁሉ በፊት «ይሄ የማን መዝገብ ነው?» በዪ።

አሁን በምታውቂው ነገር እንሥራው። አሥር ሆናችሁ በወር 500 ዶላር የምትጥሉበት እቁብ አለ እንበል። የሚወጣው 5,000 ዶላር ነው። በመጀመሪያው ወር 500 ጣልሽ። ይህ ወጪ አይደለም፤ ገንዘቡን ትቀበዪዋለሽ። ስለዚህ በግራ «ከእቁብ ተሰብሳቢ 500»፣ በቀኝ «ጥሬ ገንዘብ 500» ብለሽ ጻፊ። ሁለተኛውም ወር እንዲሁ። በሦስተኛው ወር ጣልሽ፤ ተሰብሳቢሽ 1,500 ደረሰ። በዚያው ዕለት እቁቡ ወጣልሽ። 5,000 ዶላር እጅሽ ገባ።

ይህ ገቢ ነው? አይደለም። በግራ ጥሬ ገንዘብ 5,000 ትጽፊያለሽ። በቀኝ በኩል መጀመሪያ ከእቁብ ተሰብሳቢ የነበረውን 1,500 ታጠፊያለሽ። ቀሪው 3,500 «ለእቁብ ተከፋይ» ነው፤ ዕዳ ነው። ከዚያ በኋላ በየወሩ የምትጥዪው 500 ያንን ዕዳ ይቀንሳል። ሰባት ወር ሲሞላ ዕዳው ዜሮ ይሆናል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ዶላር ገቢ፣ አንድም ዶላር ወጪ አልመዘገብሽም። ገንዘቡ ግን ወጥቷል፣ ገብቷል፣ እንደገና ወጥቷል። ይህን ሳታዪ ደጋግመሽ መጻፍ ከቻልሽ የኮርሱን ትልቁን በር ከፍተሻል። የገንዘብ መግባትና የገቢ መገኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ገብቶሻል ማለት ነው።

ያንኑ ሐሳብ ወደ ሆስፒታልሽ ውሰጂው። በሽተኛ በታኅሣሥ ወር ታክሞ ወጣ። ሆስፒታሉ 2,000 ዶላር ቢል ላከ። ከኢንሹራንሱ ጋር ባለው ውል ግን የሚከፈለው 1,200 ነው፤ እሱም የሚገባው በየካቲት ነው። ገቢው የሚመዘገበው መቼ ነው? በታኅሣሥ፤ አገልግሎቱ ያኔ ተሰጥቷል። ስንት? 1,200፤ ሆስፒታሉ አገኛለሁ ብሎ የሚጠብቀው ያንን ነው። በየካቲት ገንዘቡ ሲገባ ተሰብሳቢው ወደ ጥሬ ገንዘብ ይለወጣል እንጂ አዲስ ገቢ የለም። ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ሳምንት ላይ የገንዘብ ፍሰት መግለጫ ሲመጣ ይህችው 1,200 ተመልሳ ትመጣለች። የሆስፒታሉ ዓመት በታኅሣሥ መጨረሻ የሚዘጋ ከሆነ በዓመቱ ትርፍ ውስጥ አለች፤ በካዝና ውስጥ ግን የለችም። ለዚህ ነው የተሰብሳቢ ጭማሪ ከትርፉ ላይ የሚቀነሰው። ብዙ ተማሪ ያንን ሕግ ሸምድዶ ፈተና ላይ ይቀላቅለዋል። አንቺ በሽተኛውን አስቢ፤ አይጠፋሽም።

ሰው የሚያቋርጠው ብዙ ጊዜ የማስተካከያ ምዝገባ፣ ማለትም ሂሳቡ ሲዘጋ የሚደረገው ማስተካከያ፣ ሲመጣ ነው። አስቀድሞ የተከፈለ ኪራይ፣ የመሣሪያ እርጅና፣ ያልተከፈለ ደመወዝ የሚባሉት እዚያ ናቸው። ይህ ክፍል ሳይገባሽ ካለፈ ቀጣዩ ሁሉ ይንጠለጠላል። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ሺፍት መቀያየር ከቻልሽ ያኔ ቀያይሪ። ፕሮፌሰሩ በዙም የሚሰጠው የጥያቄ ሰዓት ካለም የሠራሽውን ወረቀት ይዘሽ ግቢ። «አልገባኝም» ከምትዪው «እዚህ መስመር ላይ ቆምኩ» ብትዪው መልሱ ሌላ ነው።

ስለ ቻትጂፒቲም ልበልሽ፤ መጠየቅሽ አይቀርም። ራስሽ ሳትሞክሪ መልስ አታስጽፊው። በእርግጠኝነት ተናግሮ ሲሳሳት አይቼዋለሁ፤ አንቺ ደግሞ ገና ስለሆንሽ ስህተቱን ለይተሽ አታውቂለትም። ከሞከርሽ በኋላ የተሳሳትሽበትን እንዲያስረዳሽ ብትጠይቂው ግን ይረዳል። የትምህርት ቤትሽ ደንብ መፍቀዱን አስቀድመሽ አንብቢ።

ሌላ አንድ ሥራ ልስጥሽ። ስታርባክስ ለአክሲዮን ባለቤቶች የሚያወጣውን ዓመታዊ ሪፖርት የአሜሪካ የሴኩሪቲስ ኮሚሽን ኤድጋር ከሚባለው ማኅደር በነጻ አውርጂ። የዕዳውን ዝርዝር ስታዪ ከደንበኞች ካርድ ጋር የተያያዘ ትልቅ ዕዳ ታገኛለሽ፤ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። አንድ ሰው የ25 ዶላር የስጦታ ካርድ ሲገዛ ድርጅቱ ገንዘቡን ተቀብሏል፤ ቡናውን ግን አላቀረበም። ስለዚህ ዕዳ አለበት። ቡናው ሲጠጣ ወደ ገቢ ይዞራል። ከዚያ ዝቅ ብለሽ የባለቤቶቹን ድርሻ ተመልከቺ። ከ2019 የበጀት ዓመት ጀምሮ ከዜሮ በታች ሆኖ ታዪዋለሽ። እያተረፈ እንዴት እንዲህ ይሆናል? ዋናው ምክንያት የራሱን አክሲዮን በብዙ ቢሊዮን ዶላር መልሶ መግዛቱ ነው። በማስተርስ ደረጃ የሚፈለግብሽ ይህ ነው። በዲግሪ ደረጃ ተማሪው መዝገብ ማዘጋጀት ላይ ብዙ ይቆያል። አንቺ ግን የተዘጋጀውን አንብበሽ «ለምን?» ማለት ይጠበቅብሻል፤ ያውም ባጠረ ጊዜ።

ለባለቤትሽ ጥያቄ ደግሞ መልሱ ይኸው። ነገ የዋርድ ኃላፊ ስትሆኚ በጀት ይዘው ይመጡብሻል። ሠራተኛ ይቀነስ ይሉሻል። ያንን ወረቀት ማንበብ የምትችል ነርስ ከሌለች፣ በሽተኛ ነክቶ የማያውቅ ሰው ብቻውን ይወስናል። እኔ በዚህ ነገር በጣም ነው የምጨነቀው። ባለሙያ ሆኖ ቁጥሩንም የሚያውቅ ሰው ያስፈልገናል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ፣ ሰሚት ነው የምኖረው። ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፤ ኮንትራክተር ዘንድ እሠራለሁ። ኤምቢኤ ከመግባቴ በፊት ልዘጋጅ ብዬ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በኮርሴራ የሚሰጥ የፋይናንሻል አካውንቲንግ መግቢያ ጀምሬአለሁ። ለእኛ አገር ይሠራል? ሰርተፊኬቱስ ከኮርሱ ነጻ ያደርገኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መሠረቱ አንድ ነው። ደቢትና ክሬዲት፣ የእቁቡ ምሳሌ፣ ሦስቱ ዋና መግለጫዎች (የሀብትና ዕዳ፣ የትርፍና ኪሳራ፣ የገንዘብ ፍሰት) የትም አይለወጡም። የሚለየው ደረጃው፣ ማለትም የሂሳብ አያያዝ ደንቡ ነው። አሜሪካኖች የራሳቸውን ጋፕ ይከተላሉ። እኛ ዘንድ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ዓለም አቀፉ አይኤፍአርኤስ ነው፤ የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። ቪዲዮው ላይ ላይፎ የሚባለውን (መጨረሻ የገባው ዕቃ መጀመሪያ እንደወጣ የሚቆጥረውን) የዕቃ ክምችት አሰላል ስታገኝ ለማወቅ ያህል እየው፤ በአይኤፍአርኤስ አይፈቀድም። በተቃራኒው እኛ ዘንድ ሕንፃን ወይም ማሽንን በወቅቱ ዋጋ እንደገና መገመት ይቻላል፤ አሜሪካ ግን አይቻልም። እንደ አገራችን ዋጋ በሚንርበት ቦታ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። የዛሬ 15 ዓመት የተገዛ ኤክስካቫተር በመዝገብ ላይ ስንት ተብሎ እንደተቀመጠ ድርጅትህን ጠይቅ፤ ታየዋለህ።

ለአንተ ሥራ የሚቀርበው ክፍል ስለ ገቢ የሚያወራው ነው። እዚያ ላይ ሁለቱ ደረጃዎች ከ2018 እንደ ፈረንጆቹ ወዲህ በጣም ተቀራርበዋል። ሥራ ሲጀመር የምትቀበሉት ቅድመ ክፍያ ገቢ ሳይሆን ዕዳ ነው። ገቢው ሥራው እየሄደ በሄደበት መጠን ይመዘገባል። የሳይት የክፍያ ሰርተፊኬቶቻችሁን ይዘህ ተለማመድበት። የበጀት ዓመቱም ቪዲዮው ላይ እንደምታየው ዲሴምበር 31 አያልቅም፤ ብዙ የአገራችን ድርጅቶች የሚዘጉት ሰኔ 30 ነው።

የኮርሴራ ሰርተፊኬት በራሱ የዩኒቨርሲቲ ክሬዲት አይደለም። ነጻ ያደርገኛል ብለህ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት የምትገባበትን ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ጠይቅና መልሱን በጽሑፍ ተቀበል። በቃል የተባለ ነገር ምዝገባ ቀን አይገኝም። በአይኤፍአርኤስ መማር ከፈለግህ ኤሲሲኤ የሚባለው የእንግሊዝ የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር የሚሰጠውን የፋይናንሻል አካውንቲንግ ፈተና ተመልከት። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ የኮምፒውተር ፈተና ነው፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ፣ እትዬ። በኦንላይን ለምማረው ኮርስ የታዘዘው መጽሐፍ በጣም ውድ ነው። ነጻ የሚገኝ የለም? ያገለገለ ብገዛስ?

መልስ፦ አለ፣ እህቴ። የራይስ ዩኒቨርሲቲ ኦፕንስታክስ በ2019 ያወጣው የአካውንቲንግ መማሪያ በነጻ ይወርዳል። የሚያስፈልግሽ የመጀመሪያው ቅጽ ነው፤ ፋይናንሻሉ እዚያ ነው። ለማንበብና ለመለማመድ ይበቃል። ያገለገለ መጽሐፍ ከመግዛትሽ በፊት ግን የኮርሱን ሲለበስ (የትምህርቱን ዝርዝር ዕቅድ) በደንብ አንብቢ። የቤት ሥራው በአሳታሚው ድረ ገጽ የሚሠራ ከሆነ የመግቢያ ኮድ ያስፈልግሻል፤ ያገለገለ መጽሐፍ ላይ ያለው ኮድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ተጠቅመውበታል። እንደዚያ ከሆነ ኮዱን ብቻውን ግዢ። ከመጽሐፉ ጋር ሲነጻጸር ይረክሳል፤ ዲጂታል መጽሐፉም ብዙ ጊዜ አብሮት ይመጣል።