ቀድሞ የተጋገረ ኬክ ለቅዳሜ ልደት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የልጄ 5ኛ ዓመት ልደት ቅዳሜ ሸዋ ሮቢት አያቷ ቤት ይከበራል። በሥራ ቀን ጊዜ ስለማይኖረኝ ኬኩን እሑድ ጋግሬ ፍሪዘር ውስጥ ላቆየው ነው። ባለፈው ዓመት እንዲህ ሳደርግ ላዩ ረጥቦ ተላጠ፣ የበርበሬ ሽታም ያዘ። መብራትም ይጠፋብናል። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ ላዩን ያረጠበው ፍሪዘሩ አይደለም። ወይ ሳይቀዘቅዝ ጠቅልለውታል፣ ወይ ካወጡት በኋላ ቶሎ ገልጠውታል። ትኩሱ ሲጠቀለል እንፋሎቱ ላስቲኩ ሥር በረዶ ይሠራል፤ ሲቀልጥ ተመልሶ ኬኩ ውስጥ ይገባል። በረዶ የሆነ ኬክ ሞቃት ቤት ውስጥ ሲገለጥ ደግሞ ያልበዋል። ሽታው የመጣው ከአጠቃለሉ ነው፤ ቅባት ያለው ነገር አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ይስባል።

ኬኩ ከኦቨን ሲወጣ 10 ደቂቃ በመጋገሪያው ይቆይ፤ ከዚያ የሽቦ ፍርግርግ ላይ ገልብጠው ቢያንስ 2 ሰዓት ያናፍሱት። መዳፍዎን ከሥሩ አስገብተው መሀሉን ይንኩ፤ ለብ ካለ ገና ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ላዩን ቶሎ ያቀዘቅዘዋል፣ ልቡ ግን ትኩስ ሆኖ ይቆያልና እንዳያታልልዎት።

ክሬም ሳይቀቡ እያንዳንዱን ንብርብር ለየብቻ በስስ የምግብ ላስቲክ ሁለት ዙር አጣብቀው ይጠቅልሉ። በላዩ ፎይል ይልበስ፤ በመጨረሻ አየሩን ጨምቀው ያወጡለት ከረጢት ውስጥ ይግባ። ጠንክሮ እስኪይዝ ድረስ ምንም አይጫንበት። ጥሬ ሥጋ ካለ ኬኩ ከሱ በላይ ይቀመጥ።

ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ የሚደርስ ፍሪዘር እንዲህ የተጠቀለለን ኬክ 2 ወር ሳይጎዳ ያቆያል። ፍሪጅ ውስጥ ያለችው ትንሿ የበረዶ ክፍል ላይ አንድ ኮከብ ብቻ ካለ ግን ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ናት፤ ከሳምንት በላይ አትመኗት። ተራው የፍሪጅ መደርደሪያ ላይ ጭራሽ አያስቀምጡት፣ እዚያ ከጠረጴዛ ላይ ይልቅ ፈጥኖ ይደርቃል።

መብራት ሲጠፋ በሩን አይክፈቱ። የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት ገደማ፣ ግማሽ የሆነ 24 ሰዓት ገደማ ቅዝቃዜውን ይይዛል። ባዶ ቦታ ካለ ውሃ የያዙ ሃይላንዶች ይሙሉበት፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ስለሚያብጥ አፋቸው ድረስ አይሞሏቸው። ሥራ ውለው ሲመጡ መብራቱ ብዙ ጠፍቶ እንደቆየ ለማወቅ፣ በስኒ ውሃ አቀዝቅዘው በበረዶው ላይ ሳንቲም ያስቀምጡ። ሳንቲሙ ሥር ከወረደ ሁሉም ቀልጦ ነበር ማለት ነው። ያኔ ክሬም ያልነካው ኬክ አይበላሽም፤ መልሰው ከማቀዝቀዝ ይልቅ እንደተጠቀለለ አውጥተው በ2 ቀን ውስጥ ይጠቀሙበት። የሥጋ ውሃ የነካው ከሆነ ግን ይጣል።

ቅዳሜ ጠዋት በረዶ እንደሆነ፣ ከነጥቅልሉ በካርቶን አጋድመው ይያዙት። ድንጋይ የሆነ ኬክ የጣርማበር ቁልቁለት መጠምዘዣ አይሰብረውም። እንደደረሱ ለመግለጥ አይቸኩሉ፤ ላቡ ላስቲኩ ላይ ይቅር። ላስቲኩን ሲነኩት ቅዝቃዜ ካጡበት ደርሷል።

ክሬሙን በተመለከተ ሸዋ ሮቢት ቆላ መሆኑን አይርሱ። የወተት ክሬም ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ 1 ሰዓት ብቻ ነው። የቅቤ ክሬምም በዚያ ሙቀት ከጎኑ ይንሸራተታል። (የሸኖ ለጋ ቢያምርም ለወጥ ይሁን፤ ሽታው ኬክ ላይ ይገንናል።) እኔ የምመርጠው በንብርብሮቹ መሀል ማርማላታ፣ ላዩ ላይ የካካዋ ቅብ ነው፦ 2 ኩባያ የዱቄት ስኳርና 3 የሾርባ ማንኪያ ካካዋ ነፍተው፣ 4 ማንኪያ ሙቅ ውሃ ይምቱበት። ከማንኪያው እንደ ማር ካልወረደ ውሃ በጠብታ ይጨምሩ። ቀብተው ግማሽ ሰዓት ያህል ይተዉት፤ ላዩ ጣት ላይ መጣበቅ ሲያቆም ሻማውን ይትከሉ።