መልስ፦ የመጠጥ ጨዋታው ስላስፈራኝ ከክለቡ ምሽት ልቅር?

እህቴ፣ አትቅሪ። እንግሊዝ አገር የዩኒቨርሲቲ ክለቦች ሲሰባሰቡ የመጠጥ ጨዋታ የተለመደ ስለሆነ መጨነቅሽ ይገባኛል፤ ግን ከሩቅ የሚያስፈራውን ያህል አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥምሽ «ሪንግ ኦፍ ፋየር» ነው። የመጫወቻ ካርታ በአንድ ብርጭቆ ዙሪያ ይደረደርና ተራ በተራ እየተሳበ ካርታው ያዘዘው ይደረጋል። ንጉሥ የወጣለት ሰው ከያዘው መጠጥ ቀንሶ መሃል ወዳለው ብርጭቆ ይገለብጣል፤ አራተኛውን ንጉሥ የሳበ ያንን ድብልቅ ይጠጣል። የሚያስቀው ጨዋታውና ወሬው ነው፤ የያዝሽው ኮካ ይሁን ሌላ የሚከታተል ብዙም የለም። አራተኛው ንጉሥ ከደረሰሽ «እኔ አልጠጣም» በይና ወደሚቀጥለው አሳልፊ። ምክንያት አትደርድሪ፤ ምክንያት ሲበዛ ክርክር ይከፍታል። ከቻልሽም እንደማትጠጪ ከክለቡ ኃላፊዎች ለአንዱ ቀድመሽ ጻፊለት።

«አዲስ አባል ካልጠጣ አይገባም» የሚል ነገር ከሰማሽ ግን ወዲያው ውጪ። በ2016 እ.ኤ.አ. ኒውካስል ውስጥ አንድ የ20 ዓመት ተማሪ ከእንዲህ ያለ የአቀባበል ምሽት በኋላ ሞቷል፤ እስካሁን ሳስበው ያመኛል። ሰውነት በሰዓት የሚያስወግደው አልኮል አንድ ዩኒት (የእንግሊዞች የአልኮል መለኪያ) ገደማ ነው፣ ማለትም 25 ሚሊ ሊትር ቮድካ ውስጥ ያለው። ጨዋታው ብዙ እጥፉን በደቂቃዎች ያስጠጣል። የሰከረ ሰው ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ «ተኝቶ ይለቀዋል» የሚሉሽን አትስሚ፤ በጎኑ አስተኚው፣ 999 ደውዪ፣ አምቡላንስ እስኪመጣም አጠገቡ ሁኚ።