ጋዙ የሚቀርልኝን ኩላሊት ይጎዳው ይሆን?

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው። ለታላቅ ወንድሜ ኩላሊት ልሰጥ ምርመራዬን ጨርሻለሁ። ሐኪሞቹ በላፓሮስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብተው) እናወጣዋለን አሉኝ። አክስቴ ግን «ሆድሽን በጋዝ ነፍተው የቀረውንም ያበላሹብሻል፤ በቀጥታ ቢከፍቱሽ ይሻላል» አሉኝ። ማንን ልስማ?
እህት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ አክስትሽ ዝም ብለው አልፈሩም። ዘዴው በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ሲጀመር ሐኪሞችም ተጠራጥረውት ነበር። ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲነፋ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ይቀንሳል፣ ሽንትም ያንሳል። ጋዙ ሲወጣ ግን ይመለሳል። በደም ሥርሽ ፈሳሽ የሚሰጥሽም አንዱ ለዚሁ ነው። ከወራት በኋላ ክሬያቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ፤ ሲጨምር የኩላሊት ሥራ መቀነሱን ያሳያል) ሲለካ በሁለቱ መንገዶች በሰጡ ሰዎች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም።

በየትኛውም መንገድ ብትሰጪ የቀረው ኩላሊት ሥራውን ጨምሮ ከቀድሞው የሁለቱ ኩላሊቶች አቅም ከ60 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል። ስለዚህ የላቦራቶሪ ወረቀትሽ ላይ ክሬያቲኒን ትንሽ ከፍ ብሎ ብታዪ አትደንግጪ።

ልዩነቱ ሕመሙ ላይ ነው። ሲከፈት ጎንሽ ላይ ረጅም ቁስል ይተርፍሻል። በላፓሮስኮፒ ከትንንሾቹ ቀዳዳዎች ሌላ፣ ኩላሊቱ የሚወጣበት አጠር ያለ ቁስል ብዙ ጊዜ የቄሳሪያን ጠባሳ በሚያርፍበት ቦታ ይሆናል፤ ቶሎም ወደ ቤትሽ ትገቢያለሽ። እኔ ብሆን ይህን እመርጣለሁ።

አደራ፣ ወገቤን አመመኝ ብለሽ ሐኪምሽን ሳትጠይቂ ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ እንዳትገዢ፤ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል።