ወንድ ነው ሴት? የኬብል አጠራር ጥያቄ

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ ከኮዬ ፈጬ ነው የምጽፍልዎት። ላፕቶፔን ከቲቪ ላገናኝ ብዬ እዚሁ ሰፈር ሱቅ "ታይፕ ሲ ኬብል ስጠኝ" ብዬ ገዛሁ፣ ቤት ስደርስ ቲቪው ላይ የሚገባበት የለም። ልቀይር ስመለስ ባለሱቁ "ጫፉ ወንድ ይሁን ሴት?" አለኝ። እንዲህ ይባላል እንዴ ወይስ እየቀለደብኝ ነው?

መልስ፦ አልቀለደብህም ወንድሜ፣ ይባላል። የሚሰካው ወንድ ተቀባዩ ሴት ነው፣ ነውርም የለበትም። እንደውም እኛ ግድግዳው ላይ ያለውንም "ሶኬት" የምንሰካውንም "ሶኬት" ስለምንል ወንድና ሴት ባይኖር ኖሮ መግባባትም አንችልም ነበር።

ያሳሳተህ "ታይፕ ሲ" ነው። እሱ የአፉ ቅርጽ ስም ነው እንጂ የሥራው አይደለም። ከ2014 ጀምሮ የመጣው ይሄ ሞላላ አፍ ውስጡ 24 መገናኛ አለው ግን ሁሉም ኬብል ሁሉንም አይጠቀምም፣ አንዳንዱ ቻርጅና ዳታ ብቻ ነው ምስል አያሳልፍም፣ ላፕቶፑ ራሱም በዛ ቀዳዳ ምስል የማያወጣ ከሆነ ምንም ዓይነት ገመድ ብትገዛ ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው ነገር "ከ" እና "ወደ" ናቸው፣ ብዙ ሰው እየዋጣቸው "ኤችዲኤምአይ ቪጂኤ" ብቻ ይላል። ኤችዲኤምአይ ምስልና ድምፅ አብሮ የሚያሳልፈው የቲቪው መሰኪያ ነው። ቪጂኤ ያ ሁለት ብሎን ያለው በሦስት ረድፍ 15 ፒን የተደረደረበት የ1987 ነገር ነው፣ አናሎግ ነው፣ ድምፅም አያሳልፍም። ኤችዲኤምአይ ግን ዲጂታል ስለሆነ መሀል ላይ የሚቀይር ኮንቨርተር ያስፈልጋል፣ "ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ" የተሠራው ደሞ ወደ ኋላ አይሠራም። "ከ" እና "ወደ"ን ስታስቀር ባለሱቁ የፈለገውን ያነሳል፣ አንተ መርካቶ ድረስ ትንከራተታለህ። ዲቪአይ የሚባለው ሌላው የስክሪን መሰኪያ ላይ ብቻ ነው ነገሩ የሚቀለው፣ ዲጂታሉ ዲቪአይ ከኤችዲኤምአይ ጋር የምስሉ ሲግናል አንድ ስለሆነ ተራ መቀየሪያ ብዙ ጊዜ በሁለቱም አቅጣጫ ይበቃዋል።

እና አሁን ስትሄድ "ከላፕቶፕ ታይፕ ሲ ወደ ቲቪ ኤችዲኤምአይ፣ ሁለቱም ጫፍ ወንድ፣ ምስል የሚያሳልፍ" በለው። ከዛ በፊት ግን ላፕቶፕህ ላይ ከቀዳዳው አጠገብ የመብረቅ ወይ የዲስፕሌይፖርት (የሌላ ምስል ማውጫ መሰኪያ) ምልክት መኖሩን እይ፣ ካለ በዛ ቀዳዳ ምስል ያወጣል ማለት ነው፣ ከሌለም የላፕቶፑን ሞዴል አስነብበህ ጠይቅ፣ ጎኑ ላይ ኤችዲኤምአይ ካለው ደሞ ይሄ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግህም፣ ተራው የኤችዲኤምአይ ገመድ ይበቃሃል።