መልስ፦ ሄርፒስ እያለብኝ በምጥ መውለድ እችላለሁ?

እህቴ፣ የብልት ሄርፒስ (በቫይረስ የሚመጣ፣ እየተመላለሰ የሚያቆስል ሕመም) ከእርግዝናው በፊት ጀምሮ እንዳለብሽ፣ አሁን 32ኛ ሳምንትሽ እንደሆነና ኦፕራሲዮን ግድ ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ግድ አይደለም። ሕመሙ ከቆየብሽ ሰውነትሽ የሠራው መከላከያ ለልጁም ይደርሰዋል። ከባዱ በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲይዝ ነው።

ለክትትል ሐኪምሽ ንገሪ፣ ካርድሽ ላይም ይጻፍ። አብዛኛውን ጊዜ ከ36ኛው ሳምንት እስከ ወሊድ አሲክሎቪር የተባለው የሄርፒስ መድኃኒት 400 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ይታዘዛል፤ ቁስል የለም ብለሽ እንዳታቋርጪው። በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ውሃ አብዝተሽ ጠጪ፤ ሰውነት ውሃ ሲያጥረው መድኃኒቱ ኩላሊት ውስጥ ሊረጋ ይችላል። የኩላሊት ሕመም ካለብሽ መጠኑ ስለሚቀየር አስቀድመሽ ተናገሪ።

ምጥ ሲጀምር ቁስል፣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ፣ ወይም ከቁስሉ በፊት የምታውቂው ማቃጠልና መጠዝጠዝ ካለ በኦፕራሲዮን ትወልጃለሽ። ስለዚህ መውለጃሽን ኦፕራሲዮን የሚሠራበት ቦታ አድርጊ፤ ድሬዳዋ ከሆንሽ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ ሐረር ከሆንሽ ሕይወት ፋና ሆስፒታል። ቁስል እያለ የሽርት ውሃ ከፈሰሰ ምጡን ሳትጠብቂ ወዲያው ሂጂ። ምልክት ከሌለ በምጥ ውለጂ፤ የሽርት ውሃው ያለ በቂ ምክንያት እንዳይፈነዳ ግን አዋላጇን ጠይቂ።

ጡትሽ ላይ ቁስል እስከሌለ አጥቢ። እባክሽ፣ ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው፣ አያትም ብትሆን፣ ልጁን አይሳመው፤ ያም ሄርፒስ ነው። በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ትኩሳት፣ ጡት እምቢ ማለት ወይም መፍዘዝ ካየሽ ሽፍታ እስኪወጣ ሳትጠብቂ ሆስፒታል ውሰጂው፤ አንዳንዱ ልጅ ላይ ሽፍታው ጭራሽ አይወጣም።